ደብዛዛ ብየዳ

ኅዳር 21

ጻፊ አልኳት። ምን ልጻፍ አለች። የምልሽን ነዋ።

ደብተሩ የሐኪሙ ነው። ከፊት በኩል ጠዋትና ማታ የእሷ የኦክስጅን ልክ ይጻፍበታል፤ ጣቷ ላይ የምትሰካው መለኪያ አለ፣ ቁጥሩን ከሱ እያየች። ከኋላ በኩል ባዶ ነው። ለምን ይባክናል? እኔም የምለው አለኝ። ማንም እንዲያነበው አይደለም። እኔም አላነበውም... ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ሰባ አራት ዓመት ያወራሁት ሁሉ የት ገባ? ጥቂቱ እንኳ ይቀመጥ።

ላቢብ ብለሽ ጀምሪ። ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ሹብራ ውስጥ፣ ሃምሳ ዓመት። ሱቁን ሸጫለሁ፣ አሁን የምሠራው በረንዳዬ ላይ ነው። ወረቀት አላነብም፣ ቦርድ ግን አነባለሁ። መሐንዲስ ትቶት የሄደውን አስነስቻለሁ። እሱን ጻፍሽው? «ጻፍኩት፣ ስትለው ሁለተኛህ ነው» ትላለች። ዊዳድ፣ ሚስቴ።

ዛሬ ምን ሆነ... ምንም። ጾም ነው፣ ፉል በሽንኩርት በላን። ፊት ለፊት በር ያለችውን የሐጃ ነዒማን ራዲዮ ሠራሁላት። «ምን ልክፈልህ?» አለች። ሂጂ ወዲያ አልኳት። «እሺ፣ ጾምህ ሲፈታ ዳክዬ አለብኝ።» «ከነእግሩ ይምጣ፣ ባለፈው እግሩን በልተሽ ነው ያመጣሽልኝ።» ሳቀች። ዊዳድም ሳቀች፣ ከዚያ ሳል ያዛት።

ማሽኑ ጥግ ላይ ያጉረመርማል። ከቤቱ አየር ኦክስጅኑን እየለየ ለእሷ ይሰጣል፣ በቱቦ፣ በአፍንጫዋ። ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። ያለሱ አንድ ሰዓት አትቆይም። ድምፁን ከመልመዳችን የተነሳ አንሰማውም።

ኅዳር 24

ባብ ኤል ሉቅ ገበያ ሄድኩ፣ ስታኞ ልገዛ፣ ለብየዳ የሚቀልጠውን ሽቦ። ባለሱቁ ሐጂ ዙህዲ አዲስ ጥቅልል ሰጠኝ። ጫፉን ነከስኩት። ልማዴ ነው፤ በአንድ እጅ መበየጃ፣ በአንድ እጅ ዕቃው፣ ስታኞው በጥርስ። ጣዕሙ ሌላ ሆነብኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲሱ ነው ኡስታ ላቢብ። እርሳስ የለበትም፣ ቆርቆሮ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።»

«እርሳሱን ማን በላው?»

«ፈረንጆቹ ከለከሉ። ፋብሪካው ደግሞ ለእነሱ አንድ፣ ለእኛ አንድ አድርጎ አይሠራም። የሚመጣው ይኸው ነው።»

«ለምን ከለከሉ?»

«መርዝ ነው አሉ። የተጣለ ቴሌቪዥን አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ከአፈር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ሕፃናት...»

«እኔ ሃምሳ ዓመት ስነክሰው ኖሬ ምን ሆንኩ?»

«እሱን ሚስትህን ብንጠይቅ ይሻላል» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሱቁ ሠራተኛ ሳይቀር።

ቤት መጥቼ ሞከርኩት። አይቀልጥም። መበየጃዬ አልበቃውም። ሲቀልጥም ተጎልቶ ይቀራል፣ አይፈስም። ሲደርቅ እንደ አመድ። ሙያውን ያስተማረኝ ኡስታ ፋኖስ ደብዛዛ ብየዳ ካየ በጥፊ ነበር። ብየዳ ያበራል። ፊትህን ታይበታለህ። ከደበዘዘ አልያዘም ማለት ነው፣ እንደገና አሙቀው፣ እንደገና አቅልጠው። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

ከአሮጌው አንድ ጥቅልል ቀርቶኛል። አጥብቄ እይዘዋለሁ።

ኅዳር 30

ማሽኑ ቆመ። መብራት አልጠፋም፣ እሱ ብቻ። ጮኸ፣ ከዚያ ዝም። ዊዳድ ቡና እየጠጣች ነበር። ስኒውን አስቀመጠች... ቀስ ብላ፣ እንዳይፈስ። ዓይኗ እኔ ላይ። ማሽኑን ከጎኑ አንድ ጊዜ በመዳፌ መታሁት። ተነሳ።

«ደህና ነው» አልኳት።

«ምን ነበር?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

ምን ነበር? አላወቅሁም።

ታኅሣሥ 2

ደግሞ ቆመ። ሁለት ጊዜ። መታሁት፣ ተነሳ።

ታኅሣሥ 4

ማሽኑን ወደ ሸጡልን ሰዎች ዊዳድ ደወለች። ስታወራቸው ትሳደባለህ ብላ ስልኩን አልሰጠችኝም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ጨዋ ናት፣ አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ እያለች። ዋስትናው አልፏል። ቦርዱን መቀየር ነው እንጂ መጠገን የለም። ቦርዱ ከውጭ ይመጣል። ሰባት ሳምንት፣ ምናልባት ስምንት።

«እስከዚያ እንዴት ትተንፍስ በያት።»

ዊዳድ አላለችም። ቦርዱን አዝዛ፣ አመስግና ዘጋች።

የኦክስጅን ሲሊንደር ከመድኃኒት ቤት ተከራይተን፣ እሷን እሱ ላይ አድርጌ፣ የማሽኑን ሽፋን ፈታሁ። ማየት ብቻ ነው ብዬ ማልኩላት። ወይ ጉድ... ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ሁሉ ደብዛዛ! አንድ የሚያበራ የለም። ከላይ እስከ ታች አመድ። ይኸው፣ አልኳት፣ ይኸው በሽታው። አንዱም አልያዘም። ሁለት ዓመት ተኩል መሥራቱም ተአምር ነው።

«ባሲም ሐሙስ ይመጣል። እሱ ይየው።»

ባሲም የሐጃ ነዒማ ልጅ ነው፣ ሁርጋዳ የሆስፒታል ዕቃ ይጠግናል፣ በየሁለት ሳምንቱ እናቱን ሊያይ ይመጣል።

«መበየጃ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ግን ላቢብ፣ ይሄ ራዲዮ አይደለም። የምተነፍስበት ነው።»

ሽፋኑን መልሼ ገጠምኩ። ለእሷ ብዬ።

ታኅሣሥ 8

ቅዳሴ ሄጄ... እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለሁ ማሽኑ ቆመ። ሐጃ ነዒማ ከቤቷ ሆና ጩኸቱን ሰምታ፣ በቁልፏ ከፍታ ገብታ፣ እንደ እኔ መታ መታ አደረገችው። አልተነሳም። ከዚያ በጫማ። ተነሳ። እኔ ስደርስ ዊዳድ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ የወይን ጠጅ መስሏል። ነዒማ ደግሞ ጫማዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ላቢብ፣ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ ነዒማ።

ለሰው ራዲዮ ሃምሳ ዓመት። ለሚስቴ ሐሙስን ልጠብቅ?

ዊዳድ ይህን የምትጽፈው በየመስመሩ እያረፈች ነው። ተይው አልኳት። አልተወችም።

ታኅሣሥ 9

ሠራሁት!

ሁለት ሙሉ ሲሊንደር አስመጣሁ። እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ በረንዳ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ በአንድ። መቶ ሠላሳ ምናምን ብየዳ። ያ የእነሱ ስታኞ እምቢ አለኝ፣ ትልቁን መበየጃ አመጣሁ፣ ባልዲ የምበይድበትን። ተጫንኩት። አቀለጥኩት። በላዩ የእኔን፣ አሮጌውን፣ እርሳስ ያለበትን ጨመርኩ። አንድ በአንድ አበሩ። እንደ ከዋክብት! ኡስታ ፋኖስ ቢያይ ይስመኝ ነበር።

ጥቅልሉ አለቀ። ይለቅ።

ገጥሜ አበራሁት። አጉረመረመ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላት። ጣቷ ላይ ያለው መለኪያ ዘጠና ሦስት አለ። «ይኸው!» አልኩ። «ይኸው» አለች እሷም። ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟት ነው።

ታኅሣሥ 10

ቀኑን ሙሉ ሠራ። አንዴም አልቆመም። ለነዒማ ነገርኩ፣ ለዳቦ ቤቱ ነገርኩ፣ ለሐጂ ዙህዲ ደወልኩ። ለሸጡልን ሰዎችም ደውዪ አልኳት፣ የእናንተ መሐንዲሶች ይምጡና ይማሩ በያቸው። አልደወለችም።

ታኅሣሥ 12

ቀኑን ብቻ ጻፊ። የምለው የለም።

ታኅሣሥ 13

ማሽኑ ትናንት ከሰዓት ቆመ። መታሁት። አልተነሳም። ሸተተ። በሲሊንደር ነን።

ባሲም መጥቶ አየው። ቦርዱ አርጅቷል አለ። ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 14

መድኃኒት ቤቱ ሲሊንደሩን ሥር ድረስ ያመጣል፣ ፎቅ አይወጣም። ሦስተኛ ፎቅ ነን። አንዱን ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሲሊንደሩን እንደ ልጅ አቅፌ። መነሳት አቃተኝ። የሥር ቤቱ ልብስ ተኳሽ መጥቶ ከእጄ ወሰደው፣ እንደ ትራስ ትከሻው ላይ ጣለው። «አባባ፣ ጥራኝ እንጂ» አለ። አንዱ ሲሊንደር ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም።

ድሮ ባለ ሣጥን ቴሌቪዥን ብቻዬን አምስተኛ ፎቅ አወጣ ነበር። ጻፊው እሱን።

ታኅሣሥ 15

ጻፊ አልኳት። እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«የቱን ልጻፍ? የምትለውን ነው ወይስ ያደረግኸውን?»

...

ነገርኳት። አሁን ደግሞ እንድትጽፈው እነግራታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ባሲም ቦርዱን ወደ ደረጃው ይዞት ወጣ፣ ብርሃን አለ ብሎ። ብርሃን ፈልጎ አይደለም፣ እሷ እንዳትሰማ ነው። አጉሊ መነጽር አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየ። ልጁ ጨዋ ነው። ጨዋ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

«አባባ ላቢብ፣ እርሳስ የሌለው ስታኞ ተፈጥሮው ነው መደብዘዝ። ይዟል። ሁሉም ይዞ ነበር።»

«ደብዛዛው?»

«ደብዛዛው ጤነኛ ነው።»

ከዚያ የተጫንኩበትን አሳየኝ። በሙቀቱ የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ተላቆ እንደ ሽንኩርት ቆዳ ተነስቷል። ሦስት ቀን ተንጠልጥሎ ሠራ፣ ከዚያ ተቃጠለ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።

«እና መጀመሪያ ለምን ይቆም ነበር?» አልኩት። በቁጣ። ሌላ ምን ቀረኝ?

መነጽሩን ሰጠኝ። ጥግ ላይ፣ እኔ ያልነካሁት ቦታ፣ አንዲት በቆርቆሮ የተለበጠች ሣጥን አለች። እያት አለኝ። አየሁ... ጠጉር። ከብረት ላይ የበቀለ ጠጉር። ከሰው ጠጉር የቀጠነ፣ ብር የመሰለ፣ አንድ ሁለት ሦስት። በሃምሳ ዓመት አይቼ አላውቅም።

«ቆርቆሮ ብቻውን ሲሆን ያወጣል» አለ። «በወር በዓመት እያደገ ይመጣል። ጫፉ ሌላ ብረት ሲነካ ኤሌክትሪኩን ያገናኝና ማሽኑን ያቆመዋል። አንተ ስትመታው ጠጉሩ ይበጠሳል፣ ማሽኑ ይነሳል። ሌላው ያድጋል። ድሮ እርሳሱ ነበር እንዳይበቅል የሚከለክለው።»

«ምን ነበር መድኃኒቱ?»

መነጽሩን ከእጄ ወሰደ።

«ባሲም፣ ምን ነበር?»

«መጥረግ።»

«በምን?»

«በጥርስ ብሩሽ» አለ። መሬት መሬት እያየ።

በጥርስ ብሩሽ።

ይህን ለዊዳድ ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። «የዚያን ዕለት አላንጎራጎርክም» አለችኝ። ሥራ ሲሰምርልኝ በአፍንጫዬ አንጎራጉራለሁ አለች፣ እኔ አላውቀውም። «ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአልጋዬ ሆኜ ጠበቅሁ። አንዴም አላንጎራጎርክም። ያኔ አወቅሁ።»

«ለምን አላስቆምሽኝም?»

«አንተን?» አለች።

ታኅሣሥ 17

ማንን ልስደብ? ሲሳደቡ ይቀላል። ፈረንጆቹን ልሰድብ ብዬ ጀመርኩ። ባሲም ትናንት ወደ ሥራው ሳይመለስ ሊሰናበተኝ መጥቶ ጠየቅሁት፣ እርሳሱን የከለከለው ሕግ ሞኝነት ነው አይደል? አይደለም አለ። አሮጌ ቴሌቪዥን የሚሰባበርበትና የሚቃጠልበት ሰፈር ሠርቶ ያውቃል። የልጆቹን ደም መርምረው እርሳስ አገኙ። ልጆቹ ትምህርት አይገባቸውም፣ ስማቸውን ሲጠሯቸው ዘግይተው ነው የሚዞሩት።

ምን እላለሁ? ልጆቹ ይመረዙ ልበል?

ልጆቹን ሊያድኑ ነው ያወጡት። ዊዳድን ማን አሰባት? ማንም ክፉ አላሰበም። ክፉ ያሰበ ቢገኝ ሄጄ በሩን እደበድብ ነበር።

«ያንተም ደም ይመርመር» አለችኝ ዊዳድ። ተይኝ አልኳት።

ታኅሣሥ 19

ልብስ ተኳሹ ታሟል። ሲሊንደር የሚያወጣልን አጥተን ነዒማ መንገድ ላይ ወጥታ ሁለት ወጣቶች ጎትታ አመጣች። አንደኛው «ሊፍት የላችሁም?» አለ። «አለን፣ ግን አንተን ለማየት ብለን ነው» አለችው ነዒማ።

በመሃሉ ቤት ያለው ሲሊንደር አልቆ ሃያ ደቂቃ ቆየን። ሃያ ደቂቃ። የዊዳድን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። እጅ መያዝ ምን ያደርጋል? ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 22

ልጃችን ማርሲል ከጣንታ መጣች፣ ከባሏ ጋር፣ በመኪና። ቤታቸው ምድር ቤት ነው። ሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አቋርጦ። አማቷ ትተነፍስበት የነበረ ማሽን አለ፣ ሴትየዋ ካረፈች በኋላ ተሸፍኖ የተቀመጠ። አሮጌ፣ ከባድ፣ ጩኸታም። ከሕጉ በፊት የተሠራ፣ እርሳስ ያለበት።

«ባባ፣ አንተም ና» አለች።

«በረንዳዬንስ?»

«በረንዳህን ማንም አይሰርቀውም።»

አልሄድም አልኩ። ለምን አልሄድም እንዳልኩ... የአማች ቤት ነው። በዚያ ላይ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? ያ ማሽን አይበላሽም።

ዊዳድ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ደብተሩንም ትወስደዋለች፣ ለሐኪሙ የምትጽፈው ቁጥር አለበት። «ያንተስ?» አለች። የእኔ ከኋላ በኩል ይሂድ አልኩ።

ታኅሣሥ 29

በስልክ ነው የምናገረው፣ እሷ ጣንታ ሆና ትጽፋለች። እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ አልኳት። እንኳን አብሮ አደረሰን አለችኝ። ያ አሮጌ ማሽን በጀርባዋ ይጮኻል፣ እንደ ወፍጮ። ኦክስጅኔ ዘጠና አምስት ነው አለች።

ነዒማ ዳክዬውን አመጣች፣ ከነእግሩ። ግማሹን በላሁ፣ ግማሹን ለማን እንደማስቀምጥ አላወቅሁም።

ከደረጃው ሥር ሰው «ኡስታ ላቢብ!» ብሎ ተጣራ፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞ። የለሁም በሉት አልኩ። ማንን በሉት እንዳልኩ አላውቅም፣ ብቻዬን ነኝ።

ጥር 17

ቦርዱ መጣ፣ ከተባለው ቀድሞ። ባሲም ሐሙስ ገጠመው። እኔ መብራት ያዝኩለት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ እንደ ድሮው።

ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ አበራሁት። ፊት ለፊቱ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። አልቆመም። ቱቦው መሬት ላይ ተጋድሞ ማንም የማይተነፍሰውን አየር ያወጣል። ነዒማ ገብታ «ለግድግዳው ነው?» አለችኝ።

ባሲምን ጠይቄው ነበር። ይሄኛውስ ጠጉር ያወጣል? «ያው ዓይነት ነው አባባ። አምስት ዓመት ሊሠራ ይችላል። አሥርም። ወይ ደግሞ...» አለ። በመነጽሩ አይተኸው የለም ወይ አልኩት፣ እንደ መሐንዲስ እርግጡን ንገረኝ። «ማንም እርግጡን አያውቅም» አለኝ። መነጽሩን ትቶልኝ ሄደ። የጥርስ ብሩሽም ገዝቻለሁ፣ ለስላሳውን። ግን ጠጉሩ የት እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ሽፋኑን በየቀኑ ልፍታ? የእኔ እጅ ደግሞ... የእኔ እጅ ባይገባበት ይሻላል።

ዛሬ ደወልኩ። ጻፊ አልኳት። እየጻፍኩ ነው አለች።

«ማሽኑ ተሠራ አለችኝ ማርሲል።»

«ተሠራ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ያ ወፍጮ ይጮኻል። ከዚያ፦

«እንግዲህ ልምጣ ላቢብ? ቤቴ ናፈቀኝ። የሰው ቤት ነው ይሄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፣ ቱቦዬን ያያሉ። አንተ ይይዛል ካልከኝ ነገ ማርሲል ታመጣኛለች።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃውን ሲወስድ ያንኑ ይጠይቀኛል፦ ኡስታ፣ ይይዛል? ይይዛል፣ በእኔ ይሁን እላለሁ። አንዴም ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሳላውቅም ብዬዋለሁ። ሰው ይይዛል ሲባል ደስ ይለዋል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል።

ልላት ነበር። አፌ ላይ ነበረ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ልላት ነበር።

«ላቢብ? ምን ልጻፍ?»

«አላውቅም።»

«የምጽፈውን ነው የማታውቀው?»

«ይይዝ እንደሆነ አላውቅም። አትምጪ። እሱን ጻፊ።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። ትተነፍሳለች፣ ትጽፋለች።